ሃምሳ ቧንቧ ፊት ለፊት፦ ዲሲ መሃል ክራፍት ቢራ ቤት ገብቶ በሰላም ለመውጣት

አዲስ አበባ ድራፍት ቤት ስንገባ የሚጠብቀን ጥያቄ አንድ ነው። ጃምቦ ነው ሲንግል? በቃ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፎርቲንዝ ስትሪት ላይ ያለው ቸርችኪ የሚባል የክራፍት ቢራ ቤት (ክራፍት የሚሉት ትናንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩትን ቢራ ነው) ፎቅ ላይ ስትወጡ ግን ሃምሳ የድራፍት ቧንቧ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። የምታውቁት ስም ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። ዝርዝሩ ከሳምንት ሳምንት ስለሚቀያየር ባለፈው የጠጣችሁትንም ላታገኙት ትችላላችሁ። ብዙ የኛ ሰው እዚህ ጋ ይደናገርና "ኮሮና ቢራ አለ?" ብሎ ይገላገላል።

ይህ ጽሑፍ ለሱ ነው። ቸርችኪን የያዝኩት ለምሳሌ ነው። በፈረንጅ 2009 ላይ ሲከፈት ከሃምሳው ድራፍት ሌላ አምስት በእጅ የሚሳቡ ቧንቧዎችና ወደ 500 የሚጠጋ የጠርሙስ ቢራ ይዞ ነበር የመጣው። ዲሲም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላም ከተማ ቢሆን፣ እንዲህ ዓይነት ቤት ስትገቡ አካሄዱ ያው ነው። ስሙ ግን አያሳስታችሁ። ቸርች ኪይ የሚባለው አሜሪካኖች የድሮ የጠርሙስና የቆርቆሮ መክፈቻን የሚጠሩበት ቃል ነው። እናቴ ደውላ የት እንዳለሁ ስትጠይቀኝ "ቸርች ኪይ" ብያት ቸርች የሚለውን ብቻ ሰምታ መርቃኝ ስልኩን ዘግታለች። እስካሁን አላስተካከልኩም።

ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ። ቦታውን እንደ ድራፍት ቤት ሳይሆን እንደ ጠላ ቤት እዩት። አገር ቤት ቆርቆሮ እንጨት ላይ ተደፍቶ ያየንበት ቤት ስንገባ "ጠላ ስጪኝ" ብቻ አንልም። ደርሷል ወይ? ፊልተር አለ? የዛሬው ጠንከር ያለ ነው? እንላለን። የእያንዳንዷ ባለሙያ ጠላ የራሱ ጣዕም እንዳለው ስለምናውቅ ነው። እዚህም እንደዛው ነው። መጠየቅ ያለማወቅ ምልክት አይደለም።

ከቤት ሳትወጡ

መታወቂያ ያዙ። 21 ዓመት ከሞላችሁ ሌላ ሃያ ዓመት ቢያልፍም፣ ሽበት ቢኖራችሁም ያዙ። የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ፓስፖርት ይሠራል። ስልክ ላይ ያለ የፓስፖርት ፎቶ ግን ብዙ ቦታ አይቀበሉትም።

መኪናውን ቤት ተዉት። ይሄን ምክር ሁሉም ይሰጣል፣ እኔ ግን ምክንያቱን ልጨምር። ዲሲ፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም በደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን ጣሪያ 0.08 በመቶ ነው። ጠጥቶ ማሽከርከር መንጃ ፈቃድ ላይ ብቻ የሚያበቃ ጣጣ አይደለም። ለዜግነት ስታመለክቱ "መልካም ጠባይ" የሚባለው መመዘኛ ላይ ይመጣል፣ በተለይ ጥፋተኛ የተባላችሁት ሁለት ጊዜ ከሆነ። ለስንት ዓመት የጠበቃችሁትን ወረቀት ለአንድ ብርጭቆ አትስጡ። ሜትሮ አለ። ለቸርችኪ የዩ ስትሪት ጣቢያም የማክፈርሰን ስኩዌር ጣቢያም በእግር የሚደረስበት ነው። የመጨረሻው ባቡር በስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ቀድማችሁ እዩ፣ እንደየቀኑ ይለያያል።

ባዶ ሆድ አትሂዱ።

ቀኑን ምረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ በኛ 11 ሰዓት፣ በፈረንጅ 5 ሰዓት ገደማ ግቡ። ዓርብ ማታ ቤቱ ይሞላል፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ የሚቀዳው ልጅ ትንፋሽ የለውም። ያኔ "ይሄ ምን ዓይነት ነው?" ብትሉት አንድ ቃል ጮሆባችሁ ያልፋል። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ግን ያው ልጅ ስለ ብቅል አስር ደቂቃ ሊያወራችሁ ይችላል። አንዳንዴም አላቆም ይላል።

የት ትቀመጣላችሁ

ጠረጴዛ ሳይሆን ባንኮኒ። እኛ ጥግ ይዘን፣ ጠረጴዛ ከበን መጫወት እንወዳለን፣ አውቃለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ከቧንቧው ፊት ተቀመጡ። የሚቀዳውን ታያላችሁ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው የያዘውን አይታችሁ "እሱ ምንድን ነው?" ማለት ትችላላችሁ። አስተናጋጅ ለመጥራት ግን አታጨብጭቡ። እኛ አገር ነውር የለውም፣ እዚህ ግን ስድብ ነው። ዓይን ለዓይን መተያየት ይበቃል። ያያችኋል፣ ሥራው ነው።

ዝርዝሩን ማንበብ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ብዙ ጊዜ አምስት ነገር ታገኛላችሁ። የቢራው ስም፣ የጠመቀው ቤትና ከተማው፣ ዓይነቱ፣ የአልኮሉ መጠን በመቶኛ፣ ዋጋው። ስሙን እለፉት። ጠማቂዎች ስም ሲያወጡ ቀልድ ይወዳሉ፣ ከስሙ ስለ ጣዕሙ ምንም አታገኙም። ዓይነቱንና ፐርሰንቱን እዩ።

ቸርችኪ ቢራዎቹን በጣዕም በሰባት ከፍሎ በመጻፍ ይታወቃል። ሌላ ቤት ብትሄዱም ይሄ አከፋፈል ጭንቅላታችሁ ውስጥ ቢኖር ይጠቅማል። በኛ አፍ ስተረጉመው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጥርት ያሉት። ፒልስነር፣ ላገር፣ ኮልሽ። ጊዮርጊስ፣ በደሌ፣ ዋልያ የለመደ ሰው ቤቱ እዚህ ነው። የአገራችን የፋብሪካ ቢራዎች አብዛኞቹ ላገር ስለሆኑ ከዚህ መጀመር አያስፈራም።

ሁለተኛው የሆፕስ ወገን ነው። ሆፕስ ጌሾ አይደለም፣ ተክሉ ሌላ ነው፣ ሥራው ግን ይመሳሰላል፦ መራራ ያደርገዋል፣ ከመበላሸትም ይጠብቀዋል። አይፒኤ የሚባለው እዚህ ነው ያለው። ሁለት መልክ አለው። ጥርት ብሎ ምላስ የሚይዝ መራራ አለ። እንደ ማንጎ ጭማቂ ደፍረስ ብሎ የፍራፍሬ ሽታ የሚሸት፣ ሄዚ የሚሉት ደግሞ አለ። መራራ የማይወድ ሰው ሁለተኛውን ይሞክር። ደፍርሷል ብላችሁ አትመልሱት። ጠላም ሲደፈርስ ጠጥተናል።

ሦስተኛው የብቅል ነው። ቡናማ ወይም ቀይ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ዳቦ ዳቦ የሚል። አራተኛው የተቆላ ነው፣ ስታውትና ፖርተር። ጥቁር ነው። ጠላ ሲጠመቅ አሻሮውን አጥቁረው ሲቆሉት የሚመጣውን ቀለም አስቡ፣ ነገሩ ያው ነው፣ የተቆላ ገብስ ነው። የሐረርን ሐኪም ስታውት የሚያውቅ እዚህ አይጠፋም። ቡና የተጨመረባቸውም አሉ፣ ማብራሪያው ላይ አንዳንዴ ይርጋጨፌ የሚል ቃል ይገጥማችኋል። ፈገግ ማለት ነው።

አምስተኛው የጭስ ነው። ፈረንጅ ቀምሶ ፊቱን የሚያጨማድድበት ይሄ ነው። እኛ ግን ጋን በወይራ ታጥኖ ያደግን ነን። የጀርመን ባምበርግ ከተማ ሰዎች ብቅላቸውን በእንጨት ጭስ አድርቀው የሚሠሩት ቢራ አለ፣ ራውኽቢር ይባላል። እነሱ የሚያጨሱት ብቅሉን ነው፣ እኛ ዕቃውን። አንድ ጓደኛዬ ቀምሶት ዝም አለ። ከቆይታ በኋላ "የአያቴ ጓዳ" አለ። ቧንቧ ላይ ካገኛችሁት አትለፉት፣ ሁልጊዜ አይኖርም።

ስድስተኛው ፍራፍሬና ቅመም ነው። የቤልጂጉ ዊትቢር ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል። ሰባተኛው ጎምዛዛው ነው። ሳወር ይሉታል። ከነሱ ውስጥ ጎዘ የሚባለው የጀርመን ቢራ ጨውም ድንብላልም አለበት። ትንሽ የቆየ፣ መኮምጠጥ የጀመረ ጠላ የሚወድ ሰው ታውቃላችሁ? ለሱ ነው።

በትንሹ ቅመሱ

አሁን እዘዙ፣ ግን ሙሉ ብርጭቆ አይደለም። ቸርችኪ ድራፍቱን በትንሽ ብርጭቆ፣ በአራት አውንስ ይሸጣል። ወደ 120 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። ሌላ ቤት ፍላይት ብላችሁ ጠይቁ፣ አራት ትንንሽ ብርጭቆ በእንጨት ላይ ደርድረው ያመጣሉ። የሙሉው ብርጭቆ 16 አውንስ፣ 473 ሚሊ ሊትር ነው። አራቱ ትንንሽ ተደምረው አንድ ሙሉ ይሆናሉ ማለት ነው፣ ልዩነቱ አራት ዓይነት ቀምሳችኋል።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከነጣው ወደ ጠቆረው። በመራራ አይፒኤ ከጀመራችሁ በኋላ የሚመጣው ላገር ውኃ ውኃ ይላችኋል። ቢራው ምንም አልሆነም፣ ምላሳችሁ ነው። በመሃል ውኃ ጠጡ። ውኃው በነጻ ነው።

ለባንኮኒው ልጅ የምትሉት ነገር ካጣችሁ ይቺ ትበቃለች፦ "አገሬ ላይ ቀለል ያለ ላገር ነው የምጠጣው፣ መራራ አልወድም፣ የዚህ አካባቢ ቢራ ምን አለህ?" ከዚህ በኋላ ሥራው የሱ ነው። ዝም ብላችሁ "ጥሩውን ስጠኝ" ካላችሁት ግን እሱ የሚወደውን ነው የሚሰጣችሁ። እነሱ የሚወዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎምዛዛ ነው።

ፐርሰንቱ

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ እንዲህ ያለ ቤት ገባሁ። ጥቁር ቢራ አዘዝኩ፣ ባለ እግር ትንሽ ብርጭቆ መጣልኝ። አሳንሰው ሰጡኝ ብዬ ተቆጣሁ፣ በሆዴ "ሐበሻ ነው ብለው ነው" አልኩ። በእልህ አከታትዬ አራት ጠጣሁ። ቁጭ ብዬ ደህና ነበርኩ። ስነሳ ነው ጉዱ የታየው። ቢራው 11 ፐርሰንት ነበር። ብርጭቆው ያነሰው ለኔው ታስቦ ኖሯል። የማግስቱን ዞረ ድምር አላወራም።

ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ እንየው። አሜሪካኖች አንድ መጠጥ የሚሉት 5 ፐርሰንት የሆነ 12 አውንስ ቢራ ነው፣ 355 ሚሊ ሊትር። ከኛ ጠርሙስ በጥቂት ይበልጣል። 8 ፐርሰንት የሆነ ባለ 16 አውንስ ብርጭቆ ስትጠጡ በዚህ ልክ ሁለት መጠጥ ከምናምን ጠጥታችኋል። ሦስት ብርጭቆ ያላችሁት ስድስት አልፏል። ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ መቁጠር እዚህ አይሠራም። ብርጭቆ አትቁጠሩ፣ ፐርሰንት አንብቡ። ከ6 በላይ ከሆነ ቀስ በሉ፣ ከ9 በላይ ከሆነ እንደ ወይን ያዙት።

ቀዝቃዛ አይደለም ብላችሁም አትከፉ። ላገሩ ቀዝቅዞ ይመጣል። ጠንካራውን ጥቁር ቢራ ግን ሆን ብለው ቅዝቃዜውን ይቀንሱታል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይደበቃል። በእጅ ከሚሳበው ቧንቧ የሚቀዳው ደግሞ ጋዙም ትንሽ ነው፣ ለዘብ ያለ ነው። የእንግሊዞች ልማድ ነው። ለኔ አልሆነልኝም፣ ለናንተ ይሆን ይሆናል።

የአካባቢው ቢራ ማለት ምን ማለት ነው

ዲሲ ላይ "ሎካል" ሲሉ ከተማዋን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ነው። ዝርዝሩ ላይ የከተማውን ስም አንብቡ። አሌክሳንድሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባልቲሞር ካያችሁ ቅርብ ነው።

የአካባቢ ቢራ እዚህ ይሄን ያህል የሚወራበት ታሪክ አለው። ክርስቲያን ሆይሪክ የሚባል ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ፎጊ ቦተም የሚባል የዲሲ ሰፈር ላይ ትልቅ ቢራ ፋብሪካ ነበረው። ሰውየው ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። ፋብሪካው በፈረንጅ 1956 ላይ ተዘጋ፣ ፈረሰ፣ ዛሬ ቦታው ላይ ኬኔዲ ሴንተር የሚባለው የቴአትርና የሙዚቃ ማዕከል ቆሟል። ከዛ በኋላ ዲሲ ውስጥ ጠምቆ ለሌሎች ቤቶች የሚያከፋፍል ፋብሪካ እስከ 2011 አልነበረም። 2011 ላይ ዲሲ ብራው ጀመረ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። እስቲ አስቡት፣ የአሜሪካ ዋና ከተማ የራሷ ቢራ ፋብሪካ ባልነበራት 55 ዓመት ውስጥ እኛ አዲስ አበባ ጊዮርጊስን እየጠጣን ነበር፣ ያውም በኛ አቆጣጠር ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ። ባንኮኒው ላይ ይሄን ብትነግሯቸው ይወዱታል።

ዝርዝሩ ለምን ቶሎ ቶሎ ይቀየራል? በርሜሉ ትንሽ ስለሆነ ነው። ትልቁ በርሜል 58 ሊትር ከምናምን ይይዛል፣ ከ120 ብርጭቆ በላይ ይወጣዋል። ትናንሽ ጠማቂዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚልኩት 20 ሊትር ገደማ የሚይዘውን ነው። እሱ አርባ ብርጭቆ ነው። አንድ የልደት ድግስ ይጨርሰዋል። ሲያልቅ ሌላ ቢራ ይገባበታል። ስለዚህ ድረ ገጻቸው ላይ ያያችሁት ቢራ ደርሳችሁ ብታጡት ማንም አላታለላችሁም።

ጾም ላይ ከሆናችሁ

በጾም ቢራ መጠጣት ይገባል አይገባም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ። እኔ የምነግራችሁ ሌላ ነው። ሚልክ ስታውት የሚባለው ቢራ ውስጥ ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር ይገባል። ሚልክሼክ አይፒኤ የሚሉትም እንደዛው። ስለዚህ የጾም አይደሉም። "ላክቶስ አለው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰውነታቸው ወተት የማይቀበል ሰዎች ስላሉ ጥያቄውን ለምደውታል። ድንች ጥብሱም ላይ አይብና ቤከን ሊነሰነስበት ይችላል፣ ያለሱ ይምጣ በሉ።

ቢራው ካልጣማችሁ

ሁለት ነገር ለዩ። ያልወደዳችሁት ሌላ፣ የተበላሸ ሌላ። አይፒኤ መራራ ነው ተብሎ አይመለስም። ላገር አዝዛችሁ ኮምጣጤ ወይም የከረመ ቅቤ ከሸተተ ግን ምናልባት ቧንቧው በደንብ አልታጠበም። ቧንቧ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለበት። ብርጭቆው ጎን ላይ ትንንሽ አረፋ ተጣብቆ ካያችሁም ብርጭቆው አልጸዳም። ድምፅ ሳታነሱ "ይሄ እንዲህ ነው የሚሆነው?" በሉ። ደህና ቤት ከሆነ ራሱ ቀምሶ ይቀይርላችኋል።

ሂሳብ

ስትገቡ ካርድ ይጠይቋችኋል፣ ሂሳቡ ተከፍቶ ይቆያል። ታብ ይሉታል። ስትወጡ ካርዱን ተቀብላችሁ ዝጉት። ረስቶ የሚሄድ ብዙ ነው።

ሙሉ ብርጭቆ ከ8 እስከ 12 ዶላር ገደማ ያዙ። ዲሲ ላይ ግብሩ 10 በመቶ ነው። ጉርሻው ከ18 እስከ 20 በመቶ። ዝርዝሩ ላይ 10 ዶላር ያያችሁት ከኪሳችሁ ሲወጣ 13 ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ወረቀቱን አንብቡ። አንዳንድ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያ ብለው ቀድመው ይጨምራሉ። ካላያችሁ ሁለቴ ትሰጣላችሁ።

ግብዣስ? እኛ ስንሆን "በሞቴ"፣ "አይሆንም እኔ ነኝ" ብለን ካርድ እንቀማማለን። የሚቀዳው ልጅ ሁለት ካርድ ተዘርግቶለት የትኛውን እንደሚቀበል ግራ ይገባዋል። የምትጋብዙ ከሆነ ገና ስትገቡ ካርዳችሁን ስጡና ተቀመጡ። ጠቡ ሳይጀመር ያልቃል። ዙር መጋበዝ ግን እዚህ ቤት አልመክርም። አንዱ 5 ፐርሰንት ይዞ ሌላው 10 ይዞ እኩል ጨርሱ ማለት ተገቢ አይደለም። ሁሉም በራሱ ፍጥነት ይሂድ።

ስትወጡ

ዲሲ ውስጥ መጠጥ የሚሸጠው በአዘቦት ቀን እስከ ሌሊቱ 8፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 9 ሰዓት ነው፣ በኛ አቆጣጠር። እስከዛ አትቆዩ። ከፎርቲንዝ ስትሪት ወደ ናይንዝና ዩ ስትሪት በእግር ሂዱ፣ ሩቅ አይደለም፣ ነፋሱም ይጠቅማል። እዛ ምሽት ላይ ጥብስ የሚያቀርብ የኛ ቤት አታጡም።

ከመውጣታችሁ በፊት ግን የወደዳችሁትን ቢራ ዝርዝሩ ላይ ፎቶ አንሱት፣ ስሙን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንና የጠማቂውን ከተማ ጭምር። በሚቀጥለው ስትመጡ በርሜሉ አልቆ ይሆናል። ያኔ ፎቶውን አሳዩትና "እንደዚህ ያለ" በሉት።